የሸምበቆዋ አውሮፕላን ሞተር

አዋሽ ሰባት የተከራየኋት ክፍል ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለ አንድ ሻይ ቤት ጓሮ ውስጥ ነበረች። የሻይ ቤቱ ባለቤት ከወሎ የመጡ ሙስሊም ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። እኔ ደግሞ ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ፊዚክስ እንዳስተምር የተመደብኩ ደገኛ ነበርኩ። ሙቀቱን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ማስረዳት ግን ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ አላቆምኩም። በብርጭቆ የተቀዳ ሻይ በጣሳ ከተቀዳው ለምን ቀስ ብሎ እንደሚበርድ ማንም ሳይጠይቀኝ ለደንበኞቻቸው አስረድቻለሁ። እኔ «እማማ» እላቸው ነበር። እሳቸው «አስተማሪው» ይሉኛል፤ ሲቆጡኝ ብቻ «አንተ ልጅ»።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሻይ ቤቱ ጭር ሲል፣ እማማ ከአልጋቸው ራስጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ቴፕ ያወጣሉ። ቴፑ የልጃቸው ነው። የሚሰሙበትም አንድ ካሴት ነው፤ ልጁ ግንባር ሆኖ ድምጹን ቀርጾ በጓደኛው እጅ የላከላቸው። ያኔ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። እናቱ ማንበብ የማትችል ልጅ፣ ወይም ለእናቱ የሚጻፈውን ሌላ ሰው እንዲያነብላት የማይፈልግ፣ በካሴት ተናግሮ ይልካል።

በመጣሁ በመጀመሪያው ዓርብ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከፈቱት። ከቴፑ የወጣው ድምጽ የሽማግሌ ድምጽ ነበር። ወፍራም፣ የሚጎተት፣ በየቃሉ መሐል የሚደክም።

«ትሰማለህ?» አሉኝ። «መጀመሪያ ሲመጣ እንዲህ አልነበረም። ከሳምንት ሳምንት እየደከመ ነው የሄደው። ልጄ ታሟል።»

«እማማ፣ የተቀረጸ ድምጽ አይታመምም።»

«እኔ እናቱ ነኝ ወይስ አንተ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ቴፕ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች፤ የካሴቱን ክር የምትስበው እሷ ናት። ሞተሯ ጉልበት የምታገኘው ከባትሪ ድንጋዮቹ ነው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ሞተሯ ትዘገያለች፣ ክሩ ይዘገያል፣ ክሩ ሲዘገይ ድምጹ ይወፍራል። የታመመው ድንጋዩ ነው እንጂ ልጁ አይደለም። ፊታቸው ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሮጥኩ፤ አራት አዲስ ድንጋይ ገዝቼ አሮጌዎቹን ለወጥኩና ካሴቱን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። የሃያ ዓመት ልጅ ድምጽ ወጣ። ፈጣን፣ ሳቅ የቀረበው፣ የአዋሽ ልጆች እንደሚናገሩት ቃላቱን እየደራረበ።

እማማ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «ዳነ» አሉ። ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰሙና እንደገና ከመጀመሪያው ሰሙት።

ልጁ ከተናገራቸው ነገሮች አንዱ እኔን ይመለከት ነበር። «እማ፣ ያቺን አውሮፕላን አይጥ እንዳይበላት። የፊዚክስ አስተማሪ ከመጣ ስጪው፤ ሞተርና ባትሪ ይምረጥላት። ለዒድ ፈቃድ ትወጣለህ ብለውኛል። ስትበር ላያት እፈልጋለሁ።»

አውሮፕላኗን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረዱልኝ። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክንድ ይሆናል። አጥንቷ ከአዋሽ ዳር የተቆረጠ ሸምበቆ ነው፤ ልጁ ሸምበቆውን ሰንጥቆ፣ በእሳት ለብ አድርጎ አጉብጦታል። መገጣጠሚያዎቹን በክር አስሮ በግራር ሙጫ ቀብቷቸዋል። ላይዋ ስስ ወረቀት ነው። ፊቷ ላይ ለሞተር የሚሆን ክብ ቀዳዳ ትቶላታል፤ ቀዳዳው ባዶ ነበር። በሁለት ጣቴ አነሣኋት። ክብደት ምን እንደሆነ የገባው ሰው የሠራት ነበረች።

«ታበርራታለህ?» አሉኝ።

«አበርራታለሁ» አልኩ። ገና ወጣት ነበርኩ።

እንደ ልማዴ ነገሩን በቅደም ተከተል ያዝኩት። አውሮፕላን አየር ላይ የምትቆየው ክንፏ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ ነው፤ ክንፏ የሚገፋው ወደ ፊት ስትሄድ ነው፤ ወደ ፊት የሚወስዳት ሞተሩ ነው። ሞተሩ ግን ራሱ ይመዝናል። የሚያበላው ባትሪም ይመዝናል። ጉልበት በጨመርክ ቁጥር ክብደት ትጨምራለህ፤ ክብደት በጨመርክ ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉልበት ያስፈልግሃል። ሞተርና ባትሪ መምረጥ ማለት ይህ አዙሪት የሚያልቅበትን ቦታ መፈለግ ነው። የሱቅ ሚዛን ተውሼ አውሮፕላኗን መዘንኳት። ከሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች የምትከብደው በጥቂቱ ነው። አራት ድንጋይ ብጭንባት ከራሷ የሚከብድ ጭነት ጫንኩባት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሞተር የመጣው ከአንድ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው። ይህ ሾፌር ተሳቢ መኪናውን ሻይ ቤቱ ደጅ ሳያቆም አልፎ አያውቅም። ከአሰብ ሲመለስ የሰመራን ሜዳ በሌሊት አቋርጦ፣ ገዋኔ ላይ ጥቂት ተኝቶ፣ ፊቱ አቧራ እንደለበሰ ይገባል። አውሮፕላኗን ጠረጴዛ ላይ ሲያያት ዙሪያዋን ሁለቴ ዞረ።

«ቲቸር፣ ይቺ ስንት ኩንታል ትጭናለች?»

«ራሷን ከቻለች ይበቃል።»

«እንደ መንግሥት ሠራተኛ በላት።»

«ቀስ ብለህ ተናገር!» አሉ እማማ ከጓዳ። «ግድግዳውም ይሰማል።»

በማግስቱ ከተጣለ መኪና የተፈታ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይዞልኝ መጣ። ጉልበቱ ድንቅ ነበር። ክብደቱ ግን የአውሮፕላኗን ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ መስታወት ሊጠርግ እንጂ ሊበር አልተፈጠረም። ይህን ሳስረዳው ሾፌሩ ሞተሩን አንሥቶ መዳፉ ላይ አመዛዘነው። «ታዲያ አውሮፕላኗን ሞተሩ ላይ ሰክተን ሞተሩን እንወርውረዋ!» አለና ራሱ ሳቀ።

ረመዳን ገባ። በጾሙ አጋማሽ ግድም አንድ ማታ፣ ሰው ካፈጠረ በኋላ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ ወደ ክፍሌ መጡ። ሁሉም «ሼሁ» የሚላቸው፣ የእማማን ባል በእጃቸው የቀበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በፊት ደጄን ረግጠው አያውቁም።

«አስተማሪው፣ በሩን ዝጋው» አሉኝ።

ዘጋሁት። አልተቀመጡም።

«የዚች ሴት ልጅ ሞቷል። አብሮት የነበረ ልጅ ቆስሎ ወደ ሐረር ሲያልፍ እዚህ ጣቢያ ወርዶ ነገረን። በእጁ ነው የቀበረው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

እሳቸው ቀጠሉ።

«እየጾመች ነው። ከእኛ ሌላ ሰው የላትም። ወንድሟ ደሴ ነው ያለው፤ መልእክት ልከንበታል፤ ዒድ በዋለ ማግስት ይገባል። እሱ ሲመጣ፣ በጠዋት፣ እናረዳታለን። እስከዚያ ማንም አፉን አይከፍትም። ለአንተ የምነግርህ አንድ ግቢ ስለምታድሩ ነው። ፊትህን ጠብቅ።»

መርዶ የሚነገርበት ወግ በእኛም ደጋ አንድ ነው። የሰማ ሁሉ አይናገርም። ሐዘንተኛዋን ደግፎ የሚይዝ ዘመድ ሳይመጣ፣ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ አይነገርም። እስከዚያ ድረስ አገሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ሰው ሲስቅለት ይስቃል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል። ይህን ወግ ከሩቅ አውቀው ነበር፤ መርዶው ከሚደበቅባት ሴት ጋር አንድ ግቢ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ እማማ ሻይ ሲያቀርቡልኝ ብርጭቆውን እንጂ ፊታቸውን አላይም ነበር።

እሳቸው ደግሞ ዒድ በቀረበ ቁጥር ስለ አውሮፕላኗ መቸኮል ጀመሩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቴፑን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሞተር ፍለጋ ለምን ትንከራተታለህ? ቴፑ ውስጥ ሞተር አለ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ብያለሁ፣ እማማ።»

«ይኸው። አውጣና አግባላት።»

«ቴፑ ከዚያ በኋላ አይሠራም እኮ።»

«አይሥራ።»

«ካሴቱስ?»

ሳቁብኝ። «ልጄ ለዒድ እየመጣ ነው። እሱ ከመጣ ድምጹ ምን ያደርግልኛል? ቁጭ ብሎ ራሱ ይነግረኛል።»

እጄን ዘርግቼ ልቀበላቸው አልቻልኩም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔም አውቅ ነበር፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ከልጃቸው የሚቀራቸው ያ ካሴትና ያ ቴፕ ብቻ እንደሚሆኑ። የቴፕ ሆድ አንዴ ከተከፈተ በአዋሽ ሙቀት የደረቀው ቀጭን ጎማ ሊበጠስ ይችላል፤ ቢበጠስ የሚተካ ነገር አዋሽ ቀርቶ ድሬዳዋም መገኘቱን እንጃ። ይህን ሁሉ ግን ልነግራቸው አልችልም። የቀረኝ ፊዚክስ ነበር። እሱን አስረዳሁ።

የቴፕ ሞተር፣ አልኳቸው፣ ልጓም ያለው ሞተር ነው። ድምጹ እንዳይፈጥን ሆን ብለው ፍጥነቱን ይይዙታል። አውሮፕላን የምትፈልገው ደግሞ ያለ ልጓም የሚሮጥ ነው። ሁለተኛ፣ የሚስበው ክር ነው፤ ክር እንደ ጸጉር ቀላል ነው፤ አየር ግን ከባድ ነው። ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ ጉልበት ብንሰጠው ይቃጠላል። ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ምክንያቴ ግን ከሦስቱ አንዱም አልነበረም።

እማማ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ሞክረኸዋል?»

«አልሞከርኩም።»

«ታዲያ ሳትሞክር በምን አወቅክ? ለልጆቹ እንዲህ ነው የምታስተምራቸው?»

ቴፑን ይዘው ገቡ።

የሞተሩ ፍለጋ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሆነ። ሌላ ሞተር ቶሎ ካላገኘሁ ቴፑ እንደሚከፈት አውቄያለሁ። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ከጅቡቲ በባቡር የሚገቡ የልጆች መጫወቻ መኪናዎችን አገላበጥኩ። አንዷ ሞተሯ ዝጎ ነበር፤ ሌላዋ ጭራሽ ሞተር አልነበራትም፤ በተጠመዘዘ ላስቲክ የምትሄድ ናት። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ሻይ ቤቱ ስገባ ቴፑ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አየሁት። የጀርባ ክዳኑ ተነሥቷል። ብሎኖቹ በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ ተደርድረዋል። ሾፌሩ በአንድ እጁ ካቻቢቴ፣ በሌላው ፒንሳ ይዞ፣ ፒንሳውን ወደ ሞተሯ ሁለት ሽቦዎች አስጠግቷል።

«ተው!» አልኩት።

«ምነው ቲቸር? እማማ ናቸው ያዘዙኝ። አስተማሪው ፈሪ ነው፣ አንተ አውጣው ብለውኝ ነው።»

እማማ ጓዳ ውስጥ ለመንገደኞች ምሳ ያቀርባሉ። ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ሼሁ ያሉኝን ሁሉ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር።

ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ ድምጹን ከፍ አድርጎ፦

«እማማ! ይሄ ሞተር ሰነፍ ነው! አስተማሪው እውነቱን ነው!»

«አንተም ፈራህ?» አሉ ከጓዳ።

«እኔ? እኔ እኮ ሰመራ ላይ ጎማ የፈነዳብኝ፣ ብቻዬን ሌሊቱን ያደርኩ ሰው ነኝ። ግን ይሄን ሞተር አህያ ላይ ቢያስሩት አህያዋ ትቆማለች!»

እየቀለደ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መለሰ። ሲጨርስ አንድ ብሎን ተረፈው። ተያየን።

«ሁልጊዜ አንድ ይተርፋል» አለኝ በለሆሳስ፣ ኪሱ ውስጥ ጨምሮት።

ካሴቱን አስገብተን ከፈትነው። ልጁ ተናገረ። ሾፌሩ ከሁለት ቃል በላይ አልሰማም፤ ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ከአሰብ ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። በድንጋይ የሚሠራ የጺም መላጫ ማሽን ነው፤ የራሱ።

«በምን ልትላጭ ነው?»

«አልላጭም። ሼሁ ደስ ይበላቸው።»

ሞተሩን አወጣሁት። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ ሲሽከረከር እንደ ተርብ ይጮሃል። የምፈልገው እሱ ነበር፤ ቀላልና ልጓም የሌለው። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አየር የሚቀዝፍ ፕሮፔለር ቆርጬ ሠራሁለት። መግፋት መቻሉን ለማወቅ ሞተሩን የሱቅ ሚዛኑ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ አስሬ አስነሣሁት። አየሩን ወደ ላይ ሲገፋ ሚዛኑን ወደ ታች ይጫነዋል፤ የሚጫነው ያህል አውሮፕላኗን ወደ ፊት ይገፋታል ማለት ነው። አውሮፕላን ለመብረር ክብደቷን ሙሉ የሚገፋ ሞተር አያስፈልጋትም፤ ሩቡን ያህል ከገፋ ክንፉ የቀረውን ይሸከማል። የመጀመሪያው ፕሮፔለር በጣም ሰፊ ስለነበር ሞተሩን አጋለው። ሁለተኛው ጠባብ ሆነ፤ ጮኸ እንጂ አልገፋም። ሦስተኛው ሩቡን አለፈ።

የቀረው ባትሪው ነበር። ሁለት ትናንሽ ድንጋይ ስሞክር ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ትንፋሾች ጥሩ ገፋ፤ ከዚያ ወዲያው ወረደ። ድንጋይ ለቴፕና ለእጅ ባትሪ የሚሆን ነው፤ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ረጅም ጊዜ ይኖራል። በአንዴ ብዙ ስጠኝ ሲሉት ይሞታል። ብዙ የሚሰጥ ባትሪ የመኪና ነው፤ እሱን ደግሞ እንኳን አውሮፕላኗ እኔም ብዙ መንገድ አልሸከመውም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ጥያቄውን ስቼ እንደነበር ገባኝ። ባትሪው ኤሌክትሪክ መስጠት እንጂ አብሮ መብረር የለበትም። ባትሪው መሬት ላይ ይቀመጥ፤ አውሮፕላኗ በቀጭን ሽቦ ታስራ በአንድ እንጨት ዙሪያ ትብረር።

ሾፌሩ ትርፍ ባትሪውን አውርዶ ሰጠኝ። ከላይዋ ስድስቱ ክፍሎቿ በእርሳስ ድልድይ የተያያዙባት፣ ያረጀች ባትሪ ነበረች። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ነው። ሙሉውን ብለቅባት ትንሿ ሞተር ትቃጠላለች፤ ስለዚህ ሽቦዬን መሐሉ ላይ ካለው ድልድይ አያያዝኩና ሦስት ክፍል ብቻ ወሰድኩ። ከዚያም ላይ ቀጭኑ ሽቦ በርዝመቱ የድርሻውን ይበላል፤ ለሞተሯ የሚደርሳት የምትችለው ያህል ነው። ሽቦውን ያገኘሁት ከተቃጠለ ዲናሞ ነው። ሽቦው እንጨቱ ላይ እንዳይጠመጠም አናቱ ላይ የሚዞር የብስክሌት ጎማ እምብርት ሰካሁበት።

በዒድ ዋዜማ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከሻይ ቤቱ ኋላ ባለው አሸዋ ላይ ሞከርናት። ሁለት ዙር አሸዋውን እየቧጨረች ሮጠች፤ በሦስተኛው ተነሣች። ሾፌሩ ቁና ቁና እየተነፈሰ አብሯት ዞረ። እማማ ከበራቸው ሆነው አዩ። አልጮሁም፤ «አልሃምዱሊላህ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ነገ የቀትሩ ባቡር ሲገባ ጣቢያው ፊት አብርራት።»

«ለምን በባቡሩ ሰዓት?»

«ከመስኮት ያያታላ። መውረጃውን አይስትም።»

ወደ ሼሁ ሄድኩና ነገርኳቸው። ምን ላድርግ አልኳቸው። መስጊዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አብርርላት» አሉኝ። «የለመነችው እሱን ብቻ ነው።»

በዒድ ቀን እማማ አዲስ ሻሽ አሥረው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው፣ ጣቢያው ሜዳ ላይ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ከሶላት መልስ ሻይ ቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ተደርድረው የዒድ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሼሁ መሐላቸው ናቸው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ በኩል ሲገባ ሽቦዬን አያያዝኩ። አውሮፕላኗ አሸዋውን ጥቂት ቧጨረችና ተነሣች። ከመንገደኞቹ አንዳንዶቹ በመስኮት ብቅ ብለው አጨበጨቡ። በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው የሚያልፉ አፋሮች ቆመው አዩ። እማማ ግን አውሮፕላኗን አላዩም። ዓይናቸው ከበር ወደ በር፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይሄድ ነበር።

ሰው ወረደ። ለምሳ የሚወርዱ መንገደኞች፣ ዕቃ የያዙ ሴቶች። ከመጨረሻው ፉርጎ ጋቢ የለበሱ አንድ ሰው ወረዱ።

የእማማ ወንድም ነበሩ። መምጣት የነበረባቸው በማግስቱ፣ በባቲና በሚሌ በኩል፣ በጭነት መኪና ነው። ለዒድ መኪና ሁሉ ቆሞባቸው በአዲስ አበባ ዞረው በባቡር መጡ። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ባዩአቸው ጊዜ፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ከአግዳሚው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ።

እማማ ወንድማቸውን አዩ። ዞረው የቆሙትን ሽማግሌዎች አዩ። እንዲህ በአንድ ላይ ቆመው ዝም ያሉ ሽማግሌዎች ምን እንደሚነግሩ በእኛ አገር የማያውቅ የለም።

«ዛሬ ዒድ ነው» አሉ ለወንድማቸው። «ለምን ዛሬ መጣህ?»

ወንድማቸው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

አውሮፕላኗ ገና ትዞር ነበር። ሽቦውን ብነቅለው ትወድቃለች። ከሦስተኛው ድልድይ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው አዘዋወርኩት፤ ጩኸቷ ቀስ በቀስ ረገበ፣ ዝቅ አለች፣ አሸዋው ላይ ተንሸራታ ቆመች። በዚያ ቅጽበት የእማማ ድምጽ ተሰማ። መንገደኞቹ ማጨብጨባቸውን አቆሙ። መስኮት ላይ የነበረች አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደች፤ ማንነታቸውን ሳታውቅ አብራቸው አለቀሰች። ባቡሩ ሲጮህ ሮጣ ተመለሰች።

ሐዘኑ እዚያው ሻይ ቤት ተቀመጠ። ወንዶች ደጅ በተዘረጋው ሸራ ሥር፣ ሴቶች ውስጥ። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ አግዳሚ ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባሁም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው መጥተው «ትፈልግሃለች» አሉኝ።

ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቴፑ ጭናቸው ላይ ነው፤ አልከፈቱትም። ድምጻቸው ከለቅሶ ብዛት ጠፍቶ ስለነበር ቀርቤ ተንበረከክኩ።

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

«ሞተሩን አላወጣም ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

እጃቸውን ቴፑ ላይ አሳረፉ። ሂናው ገና ከጣታቸው አልለቀቀም።

«ሰነፍ ሞተር ነው ያላችሁኝስ? ልጓም አለው ያልከኝ?»

«እሱ እውነት ነው።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ፤ በሕይወቴ ያን ቃል ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ባወጣውም አውሮፕላኗን አያነሣትም ነበር።»

«ሳትሞክረው?»

«ሳልሞክረው።»

ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት ሴቶች ያዩን ነበር።

«ያን ቀን አልሰማሁህም» አሉ። «ልጄ ይመጣል እያልኩ ነበር የምሰማህ። አሁን አስረዳኝ። ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። ሞተሯ ክሩን እንዴት እንደምትስብ፣ ልጓሟ ለምን እንደተሠራላት፣ ያለ ልጓም ብትሮጥ የሰው ድምጽ እንደ ጫጩት ይሆን እንደነበር፣ ልጁን በገዛ ድምጹ የሚያናግረው ልጓሟ እንደሆነ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ አንድ ቦታ ላይ አቁመውኝ እንደገና እንድለው ጠየቁኝ፤ እንደገና አልኩት። ደጅ አዲስ ለቀስተኞች ከገዋኔ ደርሰው ነበር። ሲገቡ ተነሥቼ ቦታዬን ለቀቅኩላቸው።